ሥዕል ተሳልሞ መውጣት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ «እናንተ ሥዕል ታመልካላችሁ» እያለች ታበሽቀኛለች። እኔ ደግሞ ከሥራ መልስ የእመቤታችንን ሥዕል ካልተሳለምሁ ደስ አይለኝም። እሑድም ሥዕሉ ፊት ካልቆምሁ ልቤ አይሰበሰብም፤ ተሳልሜ እወጣለሁ። ጥፋት አለብኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለጓደኛሽ የሚሆነው መልስ አጭር ነው። የተቀረጸ ምስል ለአንተ አታድርግ ያለው አምላክ (ዘፀ. 20፥4) ራሱ በታቦቱ መክደኛ ላይ ኪሩቤል እንዲሠሩ አዝዟል (ዘፀ. 25፥18)። ለሥዕል የምንሰግደው የአክብሮት ነው፤ የአምልኮው ለእግዚአብሔር ብቻ። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

እኔን ያሳሰበኝ «ተሳልሜ እወጣለሁ» ያልሽው ነው። ስንቱን አየሁት መሰለሽ! ዲያቆኑ «ተንሥኡ» እያለ ሰዉ ተጋፍቶ ሥዕሉ ጋ ይደርሳል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ይሳለማል፣ ስለቱን ያስገባል፣ ከዚያ ውልቅ! ቁርባንስ ስትይው «እሱ የሕፃናትና የሽማግሌ ነው» ይልሻል።

አባቶቻችን ሥዕልን የት እንዳኖሩት ልብ በይ። ጣና ሐይቅ ላይ፣ ዘጌ ያለችው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት። ሥዕሉ የሞላው ግን መሐል ያለውን ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ ነው፤ በአራቱም ጎን። በሮቹ ላይ መላእክት ሰይፍ መዘው ቆመዋል። መልአኩ ሰይፍ የመዘዘው የራሱን ሥዕል ሊጠብቅ ነው? ከበሩ ወዲያ ታቦቱ አለ፤ ሥጋውና ደሙ የሚፈተተው እዚያ ነው። በሩ ላይ ቆመሽ ጠባቂውን ስመሽ ከተመለስሽ፣ ግብዣው ቀረብሽ ማለት ነው።

የናሱን እባብ ሙሴ የሠራው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነበር (ዘኍ. 21፥8)። ያዩት ሁሉ ድነዋል። ኋላ ሕዝቡ ያጥንለት ጀመር፤ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው (2ነገ. 18፥4)። ያው ያዳናቸው እባብ ነው እንግዲህ፤ የተበላሸው አያያዛቸው ነው።

ከሥራ መልስ መሳለምሽን አትተዪ፤ እሱስ ደስ ይለኛል። እሑድ ግን ቀደም ብለሽ ተሳለሚና በሴቶች በኩል ቦታሽን ያዢ፤ ፊትሽም ወደ ምሥራቅ ይሁን። ቅዳሴ ከገባ በኋላ ሥዕል ፍለጋ መዞር የለም፤ በዚህ አልደራደርም። ስለ ቁርባኑ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ከሌለሽ ይህ ሳምንት ሳያልፍ ያዢ።