ቅጹ ላይ እውነተኛውን ቋንቋ ይጻፉ

ጥያቄ፦ ሰላም መምህርት። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። ባለቤቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ናት። ፕሮሰሳችን አልቆ እኔና ልጄ በሐምሌ ልንሄድ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ተምራ ዘንድሮ 9ኛ ስትገባ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነና ከበዳት። ታነባለች፤ ለመናገር ግን አፏ ይያዛል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን «ስታስመዘግቧት የቤት ቋንቋዋን ሲጠይቋችሁ እንግሊዝኛ በሉ፤ አለዚያ ደካሞች ክፍል ይከቷታል» አሉን። እውነት ነው? ክፍልስ ዝቅ ያደርጓታል?
አባት፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። ይህን የምለው እኔ ራሴ አድርጌው ልጄን ስለጎዳሁት ነው።

እዚያ ስንሄድ ልጄ 9 ዓመቱ ነበር። እኔ ጅማ ውስጥ 14 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። ቅጹ ሲሰጠኝ ልጄ ከሌሎቹ ያነሰ እንዳይመስል ብዬ «እንግሊዝኛ» ብዬ ሞላሁ። በዚያ መልስ ምክንያት የቋንቋ ፈተና ሳይሰጠው ቀረ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ገና ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቤት ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። አንድ ቀን ለስብሰባ ተጠራሁ። መምህርቷ «የመማር ችግር ሳይኖርበት አይቀርም» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ የሂሳብ ወረቀት ነበር። አንስቼ አብሮኝ ለነበረው ልጄ ጥያቄውን በአማርኛ ነገርኩት። ወዲያው ሠራው። መምህርቷ እሱንም እኔንም አየችና «ቅጹን እናስተካክለው» አለች። ያን ቀን መኪና ውስጥ ያለቀስኩትን አልረሳውም።

ቅጹ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ልጅቷ መጀመሪያ አፏን የፈታችው በምን ቋንቋ ነው? ቤት ውስጥ የሚነገረውስ? እሷ አብዝታ የምትናገረው የትኛውን ነው? አማርኛ ከሆነ አማርኛ ይበሉ። ከሠፈር ልጆች ጋር አፋን ኦሮሞ የምታወራ ከሆነ እሱንም ይጻፉ። ልጅቷ ብዙ ቋንቋ ማወቋ አያስቀንሳትም።

ከዚያ ፈተና ይሰጧታል። ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ነው። ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች የሚጠቀሙበት፣ ዊዳ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ምዘና ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው። ይህ የአእምሮ ፈተና አይደለም። ምን ያህል እገዛ እንደሚያስፈልጋት ብቻ ነው የሚለካው። ወደ እገዛው ከገባች ውጤቱን ለእናንተ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ።

ይህ ሁሉ ችሮታ አይደለም፣ መብት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችሉ 1,800 ገደማ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ያለ ምንም እገዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ቤተሰቦቻቸው ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 1974 ፈረደላቸው። ተማሪው የማይገባው ከሆነ ለሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍና መምህር መስጠት እኩልነት አይደለም ነው ነገሩ። ልጅዎ ነገ የምታገኘው እገዛ ከዚያ ክስ ጋር የተያያዘ ነው።

«ደካሞች ክፍል» የሚባለውን በተመለከተ፣ እኔ በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ረዳት መምህርት ሆኜ ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርዎ። ኢሶል ይሉታል፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ማለት ነው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ፔሬድ ከኢሶል መምህር ጋር እንግሊዝኛ ትማራለች። በሌላው ክፍለ ጊዜ ከእኩዮቿ ጋር ባዮሎጂና ሂሳብ ትማራለች። አንዳንድ ጊዜ የኢሶል መምህሩ ራሱ ባዮሎጂ ክፍል ገብቶ ከባዮሎጂ መምህሩ ጋር ያስተምራል። ሥዕል ያሳያሉ፣ አዳዲስ ቃላትን አስቀድመው ይሰጣሉ፣ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ይጽፉላቸዋል። አፉ የተያዘ ልጅ ከዚያች መጀመሪያ ተነስቶ ሲናገር አይቻለሁ። ደስ ይላል። ሁሉም ትምህርት ቤት እኩል አይሠራም፤ እገዛው ከቀነሰ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ክፍል ዝቅ የማድረጉ ነገር ደግሞ በእንግሊዝኛዋ አይወሰንም። ዕድሜዋና ይዛ የሄደችው ትራንስክሪፕት ናቸው የሚታዩት። ሃይስኩል እዚያ በክሬዲት ነው የሚቆጠረው፤ ማለትም ተማሪው ባለፈው በእያንዳንዱ ትምህርት በሚያገኘው ነጥብ። 9ኛን ለመጨረሷ ማስረጃ ከሌላት ከ9ኛ ሊያስጀምሯት ይችላሉ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር እንግሊዝኛውን ስታንበለብለው ትሰማላችሁ። ያኔ «በቃ ቻለች፣ ከኢሶል ትውጣ» እንዳትሉ። የመማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። በየዓመቱ ይፈትኗታል። አልፋ ስትወጣም ቢያንስ 2 ዓመት ይከታተሏታል። ወላጅ እገዛውን አልፈልግም ማለት ይችላል፤ እኔ ግን አልመክርም።

ስብሰባ ሲጠሯችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። በነጻ ነው። ልጅቷን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ ስለ ራሷ የሚወራውን መተርጎም ለልጅ ከባድ ነው።

እስከ ሐምሌ ድረስ ሰዋስው አታሸምድዷት። የዘንድሮ ባዮሎጂ መጽሐፏን ትክፈት። በየቀኑ አንድ አንቀጽ ጮክ ብላ ታንብብልዎ፤ ከዚያ የገባትን በአማርኛ ታስረዳዎ። እርስዎ እንግሊዝኛ ባይችሉም ችግር የለውም፣ ማድመጥ ይበቃል። የአማርኛ መጽሐፎቿንም ሻንጣው ውስጥ ቦታ ፈልጉላቸው።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሳይዘጋ ደግሞ ሄደው የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቷን፣ የ9ኛ ክፍል ውጤቷን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ማኅተም ያረፈበትን፣ ሁለት ሁለት ኮፒ ይውሰዱ። የክትባት ካርዷንም አብረው ያስቀምጡ። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላልና በእጅ ቦርሳ ይያዙት።