በሶብላውና ፔቱኒያው ለምን ተዘርሮ አለቀ?

እህቴ፣ የጠየቅሽው ይህን ነው፦ «በፕላስቲክ ትሪ በሶብላና ፔቱኒያ ዘርቼ በሳምንት ውስጥ እንደ ሳር ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ። በሁለተኛው ሳምንት ግን እየቀጠነ ተመዘዘ፤ ከዚያ ከአፈሩ ላይ ሟሽሾ ተኛ። ዘሩ ብልሹ ነው ወይስ መድኃኒት አለው?» ሌሎች የሰጡሽን መልስ አየሁት። አንዱ ዘር ቀይሪ፣ ሌላው ቀረፋ ነስንሺ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎሻል። የሦስተኛውን እንዳትሰሚው። የቀረውን ችግኝ የሚጨርሰው እሱ ነው።

ዘርሽ በቅሏል፤ ስለዚህ ዘሩን ተዪው። የገጠመሽ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ አንድ ላይ ስለመጣ ነው የተምታታብሽ። ከተዘረሩት አንዱን ንቀዪና ግንዱ ከአፈር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከቺ። እዚያ ላይ ቡናማ ሆኖ፣ ውሃ ውሃ ብሎ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ከሆነ ፈንገስ ነው። ራይዞክቶኒያ የሚባለው ፈንገስና ፒቲየም የሚባለው ፈንገስ መሰል ተሕዋስ በእርጥብ አፈር ውስጥ ተቀምጠው ለስላሳውን ግንድ ከሥሩ ያበሰብሱታል። ግንዱ እስከ ታች ጤነኛ ሆኖ ራሱን መሸከም አቅቶት የጎበጠ ከሆነ ግን ብርሃን ያነሰው ነው። ለሁለተኛው መላ አለው። ለመጀመሪያው የለውም፤ የወደቀ ችግኝ በምንም መድኃኒት አይነሳም። ማድረግ የሚቻለው የወደቁትን ዙሪያቸውን ካለው አፈር ጋር ሦስት ሴንቲ ያህል አስፍቶ በማንኪያ ዝቆ መጣል፣ ክዳኑን ማንሳት፣ ውሃውን ማቆምና አየር እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ቀረፋው? ቀረፋ እርጥብ አፈር አያደርቅም፤ ችግሩ ያለው እርጥበቱ ላይ ነው።

እንግዲህ እንደገና ስትጀምሪ በተራ ቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ዕቃው። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ጥልቀት ያለው፣ ከሥሩ የተበሳ። ቀዳዳው አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ ጨምሪበት፤ ጥግ ጥጉ ላይ ውሃ ይተኛል። ያለቀበትን ትሪ ዝም ብለሽ አትዝሪበት። መጀመሪያ በሳሙና እጠቢው፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ዘፍዝፊው፣ አለቅልቀሽ አድርቂው። ፈንገሱ ጠርዝ ላይ በተጣበቀ ደረቅ አፈር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

2. አፈሩ። ከጓሮ የተዛቀ አፈር ለትሪ አይሆንም፤ ሜዳ ላይ የሚንጠፈጠፈው አፈር በቀጭን ዕቃ ውስጥ እንደ ጭቃ ይረጋል። ሁለት እጅ ኮኮፒት (የተፈጨ የኮኮናት ቅርፊት) ወይም በደንብ የበሰለና የተነፋ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም ፐርላይት (ነጭ ቀላል የማዕድን ጠጠር) ይበቃል። ማዳበሪያ አትጨምሪ፤ ዘሩ የመጀመሪያውን ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው። የጓሮ አፈር ከመጠቀም ሌላ ምርጫ ከሌለሽ ግን እርጥብ አድርገሽ፣ በፎይል ሸፍነሽ ምድጃ ውስጥ አስገቢውና መሀሉ 82 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ 30 ደቂቃ አቆዪው። ከዚያ በላይ አታግዪው፤ ሲበዛ ሥር የሚጎዳ ጨው ይለቃል። ሽታውም ቤት ያስለቅቃል፣ መስኮት ክፈቺ። ከመዝራትሽ በፊት ድብልቁን አርጥቢውና በእጅሽ ጨብጪው፦ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ አሸዋ ወይም ደረቅ ድብልቅ ጨምሪ።

3. ውሃ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው፣ አንቺም። «በየቀኑ አጠጡ» የሚባል ምክር ያወጣው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ስንት ሺህ ችግኝ እንደጨረሰ ግን ግልጽ ነው። ችግኝ በቀን መቁጠሪያ አይጠጣም። ከላይ በማርከፍከፊያ ማጠጣት ደግሞ ሁለት ጥፋት አለው፦ ዘሩን ካለበት ይነቅለዋል፤ ግንዱ ከአፈር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ፈንገሱ የሚፈልገውን ያንኑ ቦታ፣ ሁልጊዜ እርጥብ ያደርገዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ትሪውን ሁለት ሴንቲ ያህል ውሃ የያዘ ሰፊ ዕቃ ውስጥ አስቀምጪው። ውሃው ከሥር በቀዳዳው ይሳባል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ የአፈሩ ፊት ይጠቁራል። ሲጠቁር ወዲያው አውጪው፣ እስኪንጠፈጠፍ አዘንብዪው፣ የተረፈውን ውሃ ድፊው። በውሃ ላይ ተቀምጦ ያደረ ትሪ ሥሩ ይታፈናል። የሚቀጥለው መቼ ነው ካልሽ፣ ፊቱ ሲነጣና ትሪውን ስታነሺው ሲቀልሽ። ልክ ከጠጣ በኋላ አንስተሽ ክብደቱን እጅሽ ላይ ያዢው፤ በማግሥቱም አንሺው። ከሦስት አራት ቀን በኋላ እጅሽ ከማንኛውም መለኪያ የተሻለ ይመዝናል። ውሃው ደግሞ ከቧንቧ እንደወጣ በረዶ የሆነው ሳይሆን ቤት ውስጥ የቆየ ይሁን።

አራት ብዬ ወደ ብርሃን ልሂድ ነበር፤ ውሃው ግን ገና አላለቀም። አፈሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ከጋገረ፣ ወይም ትንንሽ ጥቁር ትንኞች ትሪው ዙሪያ መዞር ከጀመሩ፣ ሁለቱም የሚሉሽ አንድ ነገር ነው፦ ፊቱ አይደርቅም። የትንኞቹ ትል አፈር ውስጥ ሆኖ ቀጭን ሥሮችን ይበላል። ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀት የሚይዘው የሚበረውን ብቻ ነው፤ ትሉን የሚያጠፋው የላይኛውን አንድ ሁለት ሴንቲ አፈር በሁለት ውሃ መካከል ማድረቅ ነው። ከዘራሽ በኋላ ፊቱን በስሱ ደረቅ አሸዋ ወይም ቨርሚኩላይት (ቀላል የማዕድን ቅንጣት) ብታለብሺው ግንዱ ዙሪያ ቶሎ ይደርቃል። ፊቱ ላይ የሚዘሩትን ግን አታልብሺ፤ እነሱን ከታች እነግርሻለሁ።

ክዳኑም የውሃ ጉዳይ ነው። የሚያሳይ ፕላስቲክ የሚከደነው እስኪበቅል ብቻ ነው። ግማሹ ብቅ ካለ በቃ፣ አንሺው። «ገና ያልበቀለ አለ» ብለሽ ሳምንት ስታቆዪው የበቀለውን ትቀብሪያለሽ። የተከደነ ትሪ ፀሐይ ላይም አታውጪ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀቀላል።

አሁን ብርሃን። መስኮቱ ለዓይንሽ ብሩህ ነው፣ ለችግኝ ግን ጨለማ ሊሆን ይችላል። እኩለ ቀን ላይ እጅሽን ከትሪው 30 ሴንቲ ከፍ አድርጊና ጥላውን እዪ። ጠርዙ የተሳለ ጥላ ከጣለ ይበቃል፤ ደብዛዛ ከሆነ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ መመዘዙ አይቀርም። መብራት ከተጠቀምሽ ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ከቅጠሉ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ብቻ ይራቅ፤ ኤልኢዲ ከሆነ እንደ ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አምፖል ምንም አይጠቅምም። በቀን በድምሩ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያህል አብሪው፣ ሌሊት አጥፊው። መስኮት ብቻ ካለሽ ትሪውን በየቀኑ ግማሽ ዙር አዙሪው፣ ከኋላው ነጭ ካርቶን አቁሚለት።

ሙቀቱ ከብርሃኑ ጋር መሄድ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ለመብቀል ከ21 እስከ 25 ዲግሪ ጥሩ ነው። ከበቀለ በኋላ ያው ሙቀት በደካማ ብርሃን ሲቀጥል ችግኙ ይመዘዛል። ስለዚህ ሞቃት ቦታ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ አናት ላይ፣ የሚቀመጠው እስኪጎነቁል ነው። የመጀመሪያው ነጭ አንገት የታየ ዕለት፣ በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት፣ ወደ ብርሃንና ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ወዳለ ቦታ ይዛወር። አንድ ቀን በጨለማ ያደረ ችግኝ የረዘመውን ርዝመት ማንም አይመልሰውም።

ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ ያልሽው ደስ የሚል ዜና አልነበረም። አንድ ግራም የፔቱኒያ ዘር 10,000 ገደማ ፍሬ አለው፤ በጣት ቆንጥሮ መበተን ማለት ጫካ መዝራት ነው። ከአንድ ማንኪያ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ደባልቂውና በታጠፈ ወረቀት እየነካካሽ አራግፊው። አፈር አታልብሺው፤ ፔቱኒያ፣ አንቲሪነም የሚባለው አበባና ጦስኝ ፊት ላይ ተዘርተው በመዳፍ ጫን ይደረጋሉ እንጂ አይቀበሩም፣ ብርሃን ካላዩ በደንብ አይበቅሉም። ዘሩ በሽፋን ተጠቅልሎ የሚሸጥ ፔቱኒያ ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ እስኪሟሟ አንድም ቀን መድረቅ የለበትም፤ ተሟሙቶ ደግሞ ከደረቀ እንደ ስሚንቶ ይጨብጠዋል። ለሌላው ዘር ሁሉ ልኩ የራሱን ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። በሶብላ ግማሽ ሴንቲ ይበቃዋል። የበሶብላ ዘር ውሃ ሲነካው ሰማያዊ የሚመስል ዝልግልግ ሽፋን ያወጣል፤ ሻገተ ብለሽ እንዳትደፊው፣ ጤነኛ ነው።

በየጉድጓዱ ሦስት አራት ፍሬ ዘርተሽ ሲበቅል አንዱን ጠንካራ አስቀሪ። የቀሩትን አትንቀዪ፤ ሥራቸው ተጠላልፏልና የሚቀረውን ይዘው ይወጣሉ። በመቀስ ከአፈር ላይ ቁረጫቸው። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ መቁረጥ ያቃተው ግን ሁሉንም ያጣል።

ስለሌሎቹም ባጭሩ፣ መጠየቅሽ አይቀርምና። ዚኒያና ማሪጎልድ የሚባሉት አበቦች በአራት አምስት ቀን ይበቅላሉ፤ ለጀማሪ ከፔቱኒያ ይልቅ እነሱን ነበር መምረጥ። ፓርስሊ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፤ ሌሊቱን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ትሪውንም በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠሽ አትድፊ። ዘሩ ያረጀ ከሆነ ግን አትድከሚ፣ ቶሎ ከሚሞቱት ነው። የሚጠራጠሩትን ዘር ሁሉ በእርጥብ ሶፍት 10 ፍሬ ጠቅልሎ በላስቲክ ውስጥ መሞከር ነው፤ የበቀለው አምስት ካልሞላ እጥፍ ዝሪ፣ ሁለት እንኳ ካልሞላ ጣዪው። ላቬንደር በእርጥብ አሸዋ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቢቆይ ይሻላል። ሮዝመሪ ከዘር ለትዕግሥተኛ ብቻ ነው፤ 10 ሴንቲ ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ የታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ብትሰኪው ትቀድሚያለሽ። ናናን ጭራሽ ከዘር አትጀምሪ፤ ዘሩ የእናቱን መዓዛ አይጠብቅም፤ ቁራጩ ግን በውሃ ብርጭቆ ውስጥ በአንድ ሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። እንስላልና ድንብላል ዋና ሥራቸው ረጅም ስለሆነ መዛወር አይወዱም፤ ሥራቸው ሲነካ ቅጠል ትተው ወደ አበባ ይሮጣሉ። የሚያድሩበት ቦታ ላይ በቀጥታ ዝሪያቸው። የድንብላል ክብ ፍሬ ውስጡ ሁለት ዘር ነው፣ በመዳፍ ጫን ብለሽ ክፈዪው።

የማዛወሪያው ጊዜ ከሁለቱ የዘር ቅጠሎች በኋላ እውነተኛው ቅጠል ሲወጣ ነው። ስታነሺው በቅጠሉ ያዢው፣ በግንዱ በፍጹም፤ ቅጠል ይተካል፣ የተጨመቀ ግንድ አይተካም። ከሥሩ በእርሳስ ደግፈሽ አውጪው። ከዚያ በኋላ ነው ማዳበሪያ የሚያምረው፦ ፈሳሹ ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን፣ በሳምንት አንዴ። በሶብላ ሦስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቀንጥሺው፤ ይህን ያላደረገ ሰው ቁጥቋጦ ሳይሆን ዱላ ያበቅላል።

ወደ ጓሮ ስታወጪው በአንድ ቀን አይሁን። ቤት ያደገ ቅጠል ፀሐይና ንፋስ አያውቅም፣ በአንድ እኩለ ቀን ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቃጠላል። በመጀመሪያው ቀን ጥላ ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት ጨምሪ፤ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ የጠዋት ፀሐይ ስጪው፣ በሰባተኛው ወይም በአሥረኛው ቀን እዚያው ይደር። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ በሶብላን አስገቢው፣ ቅጠሉ ይጠቁራል። የምትተክዪው ደመናማ ቀን ወይም ወደ ማታ ላይ ነው።

አሁን እጅሽ ላይ ወዳለው ትሪ ልመልስሽ። ከበሶብላው ግንዱ ጤነኛ ሆኖ የተመዘዘውን ለይተሽ፣ አዲስና ብዙም ያልረጠበ ድብልቅ ውስጥ እስከ ዘር ቅጠሉ ድረስ ዝቅ አድርገሽ ትከዪው፤ ተቀብሮ ያለው ግንድ ሥር ያወጣል። ግንዱ ቡናማ የሆነውን አትሞክሪ። ፔቱኒያውን ከነአፈሩ ጣዪው፤ ያንን አፈር ለሌላ ዘር አትመልሺው። ከዘር እስከ መጀመሪያው አበባ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈልግ አዲሱን ሳትዘገዪ ዝሪ፣ ግን መብራቱን ከዘሩ በፊት አዘጋጂ።