ሰፍነግ ወይስ ስፖንጅ?

ጥያቄ፦ ከባሕር እንስሳት ስለሚገኙ ተፈጥሯዊ ቁሶች የሚያስረዳ የተማሪዎች ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ሰፍነግ» ብዬ ብጽፍ ባልደረባዬ «ይሄ የስቅለት ቃል ነው፤ ስፖንጅ በለው» አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ቃሉን የሰማው በስቅለት ዕለት ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የቃሉ አይደለም። በማቴዎስ 27፥48 ሆምጣጤ የተሞላው ሰፍነግ እኮ የባሕር እንስሳ ነው። በትክክል ለመናገር፣ የእንስሳው አፅም ነው። ጠላቂ ከባሕር ወለል ቆርጦ ያወጣዋል። ሥጋው በስብሶ ሲታጠብ ውሃ የሚመጠው ለስላሳ የቃጫ መረብ ይቀራል። የግሪኳ ደሴት ካሊምኖስ ለረጅም ዘመን የኖረችው በዚህ ሥራ ነው። ጠላቂዎቿ ከባድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘው በአንድ ትንፋሽ ይወርዱ ነበር።

ቃሉም የግሪክ ነው። «ስፖንጎስ» ይላሉ፤ የአቴና ሰዎች ደግሞ «ስፎንጎስ» ይሉ ነበር። «ፍ» ከየት መጣች ለሚል ይቺን ልብ ይበል። «ከዐረብኛው ኢስፈንጅ የተወሰደ ነው» የሚሉ አሉ። ለእኔ አይዋጥልኝም። ወንጌል በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪክ ነው፤ ዐረብኛውም ራሱ ከግሪክ ተበዳሪ ነው። ከተበዳሪ መበደር ምን አስፈለገ? «ስፖንጅ»ም ያው ዘመዱ ነው፤ በላቲን አድርጎ፣ በእንግሊዝኛ ዞሮ ደረሰን። ስለዚህ «አንዱ የኛ፣ አንዱ የባዕድ» የሚል ክርክር አላነሣም።

ለእርስዎ ጽሑፍ ግን ከሥርወ ቃል የሚበልጥ ምክንያት አለ። የሰፍነግ ቃጫ የተሠራበት ፕሮቲን «ስፖንጂን» ይባላል። አሁን እንስሳውን «ስፖንጅ» ይበሉና «ስፖንጅን አጠኑ» ብለው ይጻፉ። ተማሪው ያጠናው እንስሳውን ነው ፕሮቲኑን? በጽሑፍ «ጅ» እና «ጂ» ይለያያሉ። መምህሩ ጮክ ብሎ ሲያነብ ግን ሳድሱን ከሣልሱ ማን ይለያል? ተሳቢዋ «ን» ጉድ ትሠራዎታለች። «ሰፍነግን አጠኑ» ካሉ ጣጣ የለውም።

ደግሞ አልደብቅዎትም፤ «የባሕር ስፖንጅ» ሲባል ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ይሄ ማስረጃ አይደለም፣ አውቃለሁ።

ገበያ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ሱቅ ገብተው «ሰፍነግ አለ?» ቢሉ ባለሱቁ ግራ ይገባዋል። የዕቃ ማጠቢያውም የፍራሹም ስሙ ስፖንጅ ሆኗል። እሺ፣ ይሁን። ከፋብሪካ የሚወጣ ሰው ሠራሽ አረፋ ስለሆነ የፋብሪካ ዘመን ስም ቢይዝ ብዙ አልከፋም። «ሰው ሠራሽ ሰፍነግ» እያሉ ለማረም አይድከሙ፤ የገዛ ቤተሰቤም አልሰማኝም።

መጀመሪያ ሲጠቅሱት «ሰፍነግ (ስፖንጅ)» ይበሉ። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ቅንፉን ይጣሉት።