ተረከዜ ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 47 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው፤ አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ኅዳር ከገባ ጀምሮ ተረከዜ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ይደማል። እጄም ሻክሮ ነጠላዬን ይይዝብኛል። ማታ ማታ እግሬን በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና ዘፍዝፌ በድንጋይ እፈገፍገዋለሁ። ከዚያ ቅቤ እቀባለሁ። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ ግን ምንም አትሆን። ውሃ ስለማልጠጣ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የሚጠጡት ውሃ ቆዳዎ ጋ ይደርሳል። የጠፋው እዚያ የሚያቆየው ነው።

መንዝ ያደገ ሰው የድንጋይ ቤት ሲሠራ አይቷል። ድንጋዩ ይደረደራል፣ መሐሉን ጭቃ ይይዘዋል። የቆዳችን የላይኛው ሽፋንም አሠራሩ ይኸው ነው። ድንጋዮቹ የሞቱ፣ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ናቸው። ጭቃው ስብ ነው። ይህ ስብ የውስጡ እርጥበት እንዳይተን ይይዛል፤ ጀርሙንና አቧራውን ደግሞ ከውጭ ይመልሳል። ጭቃው ታጥቦ የሄደበት ግድግዳ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ አልነግርም።

እርስዎ ያንን ጭቃ በየማታው እያጠቡት ነው። ሙቅ ውሃ ስብ ያሟሟል። የልብስ ሳሙና የተሠራው ቅባት ሊያስለቅቅ ነው፤ የቆሻሻውን ቅባት ከእርስዎ ቅባት አይለይም። በዚያ ላይ የሚፈገፍጉበት ድንጋይ!

ተረከዝ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። ፊታችን ወዝ አለው፣ ጀርባችንም አለው። መዳፍና የውስጥ እግር ግን አንድም የወዝ ዕጢ የላቸውም። የላብ ዕጢ ሞልቷቸዋል፣ ወዝ ግን ከየት ይምጣ? የተረከዝ ቆዳ ከዐይን ቆብ ቆዳ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ወፍራም ነገር ሲደርቅ አይለመጥም። የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ጠርዙ ላይ ይተረተራል።

ስለ ደሙ አንድ ነገር ልበል። የላይኛው ሽፋን የደም ሥር የለውም። ስለዚህ ደም ካዩ ስንጥቁ ወደ መካከለኛው ሽፋን ወርዷል ማለት ነው። የደም ሥሩም፣ የላብ ዕጢውም፣ ብዙው ነርቭም ያለው እዚያ ነው። ከዚያ በታች እንደ ባና የሚያሞቀን ስብ ተነጥፏል።

እህትዎ ምስጢር የላትም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 አካባቢ። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ጋቢውን የሚያወልቀው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እርጥበት ጥቂት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩና ንፋሱ ተባብረው የቆዳችንን እርጥበት ይመጥጡታል። በነገራችን ላይ፣ ለብርዱ ብለው እሳት ዳር የሚያዘወትሩ ከሆነ ቅልጥምዎን ይመልከቱ። መረብ የመሰለ ጠቆር ያለ ምልክት ካለ ከእሳቱ ራቅ ይበሉ።

አሁን ወደ ሥራው። ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ይበቃል። የልብስ ሳሙናውን ለልብሱ ይተዉለት። እግርዎን በፎጣ ጫን ጫን አድርገው ያድርቁ፣ በጣቶች መሐልም። ከዚያ ቆዳው እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ ወዲያው፣ ተረከዙን ቫዝሊን ይቀቡና የጥጥ ካልሲ አጥልቀው ይተኙ። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ቫዝሊን ውሃ አይጨምርም፣ ያለውን ይዘጋበታል። ደረቅ ተረከዝ ላይ ቢቀቡት ጥቅሙ ያንሳል። ለእጅም ያው ነው፤ ልብስ ሲያጥቡ ጓንት ያድርጉ።

በቅቤ አልጣላዎትም፣ ለፀጉርዎ ይሁን። የተከፈተ ስንጥቅ ላይ ግን አይግባ።

ፋርማሲ ዩሪያ ያለው ክሬም ሊሰጥዎት ይችላል። አይደንግጡ፣ ስሙ ከማዳበሪያው ጋር አንድ ነው። ንጥረ ነገሩም አንድ ነው፤ በቆዳችን ውስጥም በተፈጥሮ አለ፣ እርጥበት ይስባል። ግን አደራ፣ ከጎተራ አውጥተው እንዳይቀቡ! የክሬሙ ተመጥኖ፣ ለቆዳ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ደም ያለበት ስንጥቅ ላይ ያቃጥላልና መጀመሪያ ይዳን።

በሳምንት አይፍረዱ። የላይኛው ሽፋን ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፤ ተረከዝ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ስንጥቁ ክፍት ሆኖ በባዶ እግር አፈር መርገጥ ነው። በደጋው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ ገብተው፣ በዘር ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ፣ ከዓመታት በኋላ እግር የሚያሳብጠውን ዝሆኔ ያመጣሉ። ይህኛው ከትንኝ አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መንዝ ለእርሻ ሲሄዱ የተሸፈነ ጫማ ያድርጉ። ነጠላ ጫማ አፈሩን አይከለክልም።

ስኳር ካለብዎ፣ እግርዎ ከደነዘዘ፣ ስንጥቁ መግል ከያዘ፣ ማታ ማታ እግርዎ እያቃጠለ ማበጥ ከጀመረ፣ ወይም በጣቶች መሐል ቆዳው ነጥቶ የሚያሳክክ ከሆነ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ፈንገስ ከሆነ ቫዝሊን ብቻውን አያድነውም። በሚሄዱበት ቀን ግን ምንም አይቀቡ፤ ቆዳውን ፍቀን በማይክሮስኮፕ ማየት ካስፈለገን ቅባቱ ያስቸግረናል።