ይህን ለአክስትሽም አንብቢላት

ውድ እህቴ ከኤቨረት፣

ደብዳቤሽ ውስጥ አራት ጥያቄ አለ። ለሦስቱ ባጭሩ እመልስልሻለሁ። አንዱ ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛልና እሱን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ላስረዳ። እህታችን 26 ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ዲቪ ደርሷት ከሁለት ዓመት በፊት ቦስተን አጠገብ ኤቨረት የምትኖረው አክስቷ ዘንድ መጣች። ላለፉት 14 ወራት በሳምንት አራት ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ከአንዲት ብራዚላዊት ጋር እየዞረች ቤት ታጸዳለች። የምታገኘው በቀን 110 ዶላር ነው፣ በካሽ። አሁን አሠሪዋ ወደ አገሯ ልትመለስ ስለሆነ ከደንበኞቿ መካከል 11 ቤቶችን በ9 ሺህ ዶላር ልትሸጥላት ትፈልጋለች። አባቷ ከደሴ ደውለው «ልጄ አሜሪካ ሄዳ የሰው ሽንት ቤት ገዛች ብዬ ላውራ?» አሏት። በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት፣ የምትሠራው አክስቷ ደግሞ ነርሲንግ እንድትገባ ትፈልጋለች። አክስቷ የተናገረችውን ደብዳቤው ላይ እንዳለ ጽፋዋለች፦ «ብራዚሎች ከመጥረጊያ በቀር ለዚህ ከተማ ምን አዋጡ? አንቺ ደግሞ የእነሱን ትርፍራፊ በገንዘብ ትገዣለሽ?»

እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

አክስትሽን አልወቅሳትም፣ እኔም አንድ ሰሞን እንዲሁ አስብ ነበር። ቦስተን እንደገባሁ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሌሊት አስር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ የቢሮ ሕንፃዎቹን ሲያጸዱ አድረው የሚወጡት ብራዚሎች በፊቴ ያልፋሉ። ምስኪኖች እላለሁ። እኔ ተቀምጬ ነበራ። በኋላ ቀን ቀን ኮሌጅ ሄጄ አካውንቲንግ ተማርኩና የመጀመሪያውን የሂሳብ መዝገብ ሥራ ያገኘሁት አንድ የብራዚል ዳቦ ቤት ውስጥ ሆነ። ባለቤቷ ዳቦ ቤቱን የከፈተችው ለዓመታት ቤት ስታጸዳ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ደረሰኞቿን በሁለት የጫማ ካርቶን ሞልታ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈቻቸው።

እነዚያን ወረቀቶች አንድ በአንድ ስለይ ነው ዓይኔ የተገለጠው። የቤት ኪራዩ የሚሄደው ሱቁ ባዶ ሆኖ ሲከርምበት ለኖረ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ነው። ምድጃውን የሚጠግነው የአየርላንድ ዘር ያለው የደቡብ ቦስተን ሰው ነው። የዱቄቱ፣ የወተቱ፣ የመብራቱ፣ የዘጠኙ ሠራተኞች ደመወዝ፣ የግዛቱ የምግብ ሽያጭ ግብር፣ ሁሉም እዚሁ የሚቀር ገንዘብ ነው። ለአይብ ዳቦው ከብራዚል የሚመጣው የካሳቫ ዱቄትና በየወሩ ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ ተደምረው ከዝርዝሩ ውስጥ ትንሾቹ ነበሩ። አክስትሽ «ያገኙትን ሁሉ ወደ አገራቸው ነው የሚልኩት» ካለችሽ፣ እኛስ ምን እናደርጋለን ብለሽ ጠይቂያት።

ብራዚሎቹ ቦስተንን የመረጡበት ምክንያት አላቸው። ሚናስ ጀራይስ በሚባለው ግዛት ጎቬርናዶር ቫላዳሬስ የምትባል ከተማ አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሬዲዮ መሣሪያ የሚፈለገው ሚካ የሚባል ማዕድን ከዚያ አካባቢ ይወጣ ስለነበር አሜሪካውያን ባለሙያዎች እዚያ ሰፍረው ነበር። የከተማው ሰው ከአሜሪካ ጋር የተዋወቀው ያኔ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የብራዚል ኢኮኖሚ ሲናጋ፣ ደመወዝ ወሩ ሳያልቅ ዋጋ ሲያጣ፣ መንገዱን የሚያውቁት ቀድመው ወጡ። ወንድም ወንድሙን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠራ ኦልስተን፣ ሶመርቪል፣ ኤቨረትና ፍሬሚንግሃም ሞሉ። ብራዚሎቹ ራሳቸው ያችን ከተማ ከሚላክላት ዶላር የተነሳ «ቫላዶላሬስ» ይሏታል።

ፍሬሚንግሃምን አንድ ቀን በባቡር ሄደሽ እያት፤ ከቦስተን ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። የጄኔራል ሞተርስ የመኪና መገጣጠሚያ በ1989 ተዘጋባት። ገበያተኛውማ ከዚያ በፊት መሀል ከተማውን ትቶ አውራ ጎዳናው ዳር ወዳሉት ትልልቅ የገበያ ማዕከላት ሄዷል። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ባዶ የቀሩትን ሱቆች የተከራዩት ብራዚሎቹ ናቸው። ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ገንዘብ መላኪያ፣ ሳህኑ ተመዝኖ የሚከፈልበት ምሳ ቤት ከፈቱ። በ2022 ከዚያችው ከተማ ብራዚል የተወለደችው ፕሪሲላ ሶሳ ቦስተን ላለችበት ለማሳቹሴትስ ግዛት የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠች። ከተማ ሞቶ ሲነሳ ማየት ለሚፈልግ ሰው ኮንኮርድ ጎዳና ላይ አንድ ቅዳሜ መዋል ይበቃዋል።

የጽዳቱንም ነገር ከሥሩ እንየው። ቦስተን የሚኖረው በሆስፒታሎቹ፣ በዩኒቨርሲቲዎቹና በመድኃኒት ምርምር ቤቶቹ ነው። እዚያ የሚሠሩት ባልና ሚስት ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ቤታቸውን የሚያጸዱላቸው እጆች ባይኖሩ ከሁለቱ አንዳቸው ሥራ ይቀንሱ ነበር። ጣሪያ የሚያለብሱት፣ ግድግዳ የሚለስኑትና ቀለም የሚቀቡትም ከእነዚሁ ሰዎች ብዙዎቹ ናቸው። ወረቀት የሌላቸውም ቢሆኑ ብዙዎቹ አይቲን የሚባለውን የግብር ቁጥር አውጥተው ይከፍላሉ። በ2020 በኮሮና ጊዜ መንግሥት ለአንድ ሰው 1,200 ዶላር ሲያከፋፍል በአይቲን ግብር የሚከፍሉት አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ምን አዋጡ ላለችሽ አክስትሽ ከዚህ የበለጠ ምን ልንገራት?

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የአሠሪሽን የቁልፍ ቀለበት የገለጽሽበትን አንቀጽ ሦስቴ አነበብኩት። ሃያ ሁለት ቁልፍ፣ እያንዳንዱ ላይ በጥፍር ቀለም የተነጠበ ምልክት፣ ቀዩ የዶክተሯ፣ ሰማያዊው የሽማግሌዎቹ። አድራሻ አይጻፍበትም፤ ቢጠፋ ሌባ እንዳያገኘው። ይሄ ትርፍራፊ አይደለም። ሃያ ሁለት ቤተሰብ ቤቱን ከፍቶ የሰጣት ሴት ናት። ብራዚሎቹ ይህን የደንበኛ ዝርዝር «ስኬጁል» ብለው ይሸጡታል፣ ይገዙታል፣ ለእህት ያወርሱታል። ባንክ ብድር የማይሰጠው ሰው ከባዶ እጁ የፈጠረው የንግድ ዓይነት ነው። እኛ እቁብ እንዳለን እነሱ ይህ አላቸው።

ስለዚህ ግዢ ነው የምልሽ። ግን በ9 ሺህ አይደለም።

አድናቆቴ ዓይኔን እንዲጋርደኝ አልፈልግም። በማሳቹሴትስ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ2023 ጥር ጀምሮ 15 ዶላር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሠርተሽ 135 ዶላር ይገባሽ ነበር፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በመኪና የምትሄዱበትም ጊዜ ይቆጠራል። በየቀኑ 25 ዶላር ቀርቶብሻል። በሳምንት አራት ቀን፣ በ60 ሳምንት፣ 6 ሺህ ዶላር። ለቤቶቹ ከተጠየቅሽው ዋጋ ሁለት ሦስተኛውን በጉልበትሽ ከፍለሻል ማለት ነው። አሠሪሽ ክፉ ሴት እንዳልሆነች ከደብዳቤሽ ይገባኛል። እሷም በረዳትነት ስትጀምር በዚሁ ሂሳብ ሳትሠራ አልቀረችም። ቢሆንም ቡና አፍልተሽ፣ ሂሳቡን በወረቀት ጽፈሽ፣ በእርጋታ አሳያትና 5 ሺህ በያት። እምቢ ብላ ነገሩ ከከረረ፣ ኦልስተን የሚገኘው የብራዚል ሠራተኞች ማዕከል ያማክርሻል። በ2014 የጸደቀው የቤት ሠራተኞች መብት ሕግ እንዲወጣ ከታገሉት አንዱ ነው። ላልተከፈለ ደመወዝ አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ ሦስት ዓመት ነውና አልረፈደብሽም።

በምንም ዋጋ ብትስማሙ ሙሉውን በአንድ ቀን እንዳትከፍዪ። በዚህ ንግድ ውስጥ ያየሁት ክፉ ነገር አንድ ነው፦ ቤቶቹ ይሸጣሉ፣ ሻጯ ከሦስት ወር በኋላ ትመለስና ደንበኞቿን መልሳ ትወስዳለች፣ ወይም ከአስራ አንዱ አምስቱ ገና በመጀመሪያው ወር «አንቺን አናውቅሽም» ይላሉ። ደንበኛው የማንም ንብረት አይደለም፣ በፈለገ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ግማሹን አሁን ስጪ፤ ሌላውን ግማሽ እያንዳንዱን ቤት ብቻሽን ሦስት ጊዜ ካጸዳሽ በኋላ፣ ለቀሩት ቤቶች ብቻ። የቤቶቹ ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ዋጋና በስንት ሳምንት እንደሚጸዳ፣ ሻጯም ተመልሳ እንደማትወስዳቸው በጽሑፍ ይሁን። የጽዋ ማኅበራችሁ እቁብ ግንቦት ላይ ይወጣልኛል ብለሻል። ለመጀመሪያው ግማሽ ከዚያ የተሻለ ምንጭ የለሽም፣ በክሬዲት ካርድ አትሞክሪው።

ከገዛሽ በኋላ ካሽ ተቀብሎ ዝም ማለት ያበቃል። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርሽ። ያለፉት 14 ወራት በሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም በመንግሥት የጡረታ መዝገብ፣ ላይ የሉም። ለጡረታ 40 ክሬዲት (ከተመዘገበ ገቢ የሚቆጠር ነጥብ) ያስፈልጋል፣ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም፣ ስለዚህ ቢያንስ አስር ዓመት ነው። አንዱን ዓመት በከንቱ ጥለሻል። አስራ አንዱ ቤቶች በአማካይ 150 ዶላር ከፍለው በየሁለት ሳምንቱ ከተጸዱ በወር 3,300 ያህል ታስገቢያለሽ። ነዳጅ፣ የጽዳት ዕቃና የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይቀነሳል። ከተረፈው ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለአረጋውያን የሕክምና መድን ለሜዲኬር 15.3 በመቶ አለ፣ የፌዴራል ገቢ ግብርና የግዛቱ 5 በመቶ ይከተላል። ከምትቀበዪው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 25ቱን በሌላ ሂሳብ አስቀምጪና በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በጥር ክፈዪ። ነገ አንቺም ረዳት ስትቀጥሪ 110 ዶላር በካሽ እንዳትሰጫት። ደመወዟን በሕጉ ክፈያት፣ የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ ግቢላት።

ስለ ነርሲንግ፦ ክቡር ሙያ ነው፣ ግን ደም ሳይ ይጨልምብኛል ያልሽው አንቺው ነሽ። አክስትሽ የምትወደውን ሥራ አንቺ እንድትወጂው ማስገደድ አትችልም። ትምህርት ግን አትተዪ። ከ2024 መኸር ጀምሮ በማሳቹሴትስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ዲግሪ ለሌለውና ቢያንስ አንድ ዓመት በግዛቱ ለኖረ ነዋሪ የትምህርት ክፍያው በነፃ ሆኗል። በሴሚስተር ስድስት ክሬዲት መውሰድ ይበቃል፤ ሁለት ትምህርት ማለት ነው። ባንከር ሂል የሚባለው ኮሌጅ ከኤቨረት ቅርብ ነው፣ ማታ አካውንቲንግ ጀምሪ። የራሷን መዝገብ ማንበብ የምትችል የጽዳት ባለቤት ከሃያ ቤት በኋላ ድርጅት ይኖራታል፣ ወይም የሌሎቹን መዝገብ ትይዛለች።

ፖርቱጋልኛ ልማር ወይ ብለሻል። አዎ፣ ዛሬውኑ፣ ከአሠሪሽ ጋር መኪና ውስጥ።

ስለ ወንድምሽ የጻፍሽውን በትህትና ላልፈው አልቻልኩም። ጤነኛ የ27 ዓመት ወንድ ነው፣ አንቺ ለኮንዶሚኒየሙ ክፍያ በወር 500 ዶላር ትልኪለታለሽ፣ አባትሽ ደግሞ ገንዘቡ የሚመጣበትን ሥራ ያፍሩበታል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አባትሽን በአክብሮት ደውለሽ፣ ለአንድ ዓመት 200 ብቻ እንደምትልኪ፣ ቀሪውን ሥራሽ ውስጥ እንደምታስገቢ ራስሽ ንገሪያቸው። በአክስትሽ በኩል እንዳይሰሙት። ቢቆጡ ይቆጣሉ፣ በሚቀጥለው ፋሲካም ይደውላሉ።

የስምምነቱን ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፣ ሐሙስ ማታ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ከእሱ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ፦ በዚህ ሳምንት ቀይ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘሽ የዶክተሯን ቤት ብቻሽን አጽጂ፣ አሠሪሽ መኪናው ውስጥ ትቆይ። ዶክተሯ በሚቀጥለው ጊዜ በስምሽ ከጠራችሽ ንገሪኝ።