ለጀማና ለወንጭት ወንዞች የሚሆን የፍላይ (የላባ መንጠቆ) ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፦ ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ጥሩ የፍላይ ዘንግ የትኛው ነው?

መልስ፦ የትኛው ወንዝ ላይ፣ ለየትኛው ዓሣ? ይህን ሳትነግረኝ ልመልስልህ አልችልም ወንድሜ።

ከዓለም ከተማ፦ ጀማ ላይ ነው ጋሼ። ባርበስ የሚባለው ዓሣ፣ አልፎ አልፎም አምባዛ።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። 6 ቁጥር፣ 9 ጫማ (2.74 ሜትር)፣ በአራት የሚገነጠል ካርቦን ያዝ። አራት ቁራጭ የሆነው ቁልቁለቱን ስትወርድ ጀርባህ ላይ እንድታስረው ነው።

ቁጥሩን በደንብ ተረዱልኝ። በፍላይ የሚወረወረው ክሩ ነው። ላባ የተጠቀለለበት መንጠቆ ራሱን የሚያስኬድ ክብደት ስለሌለው ክሩ ይጎትተዋል። ስለዚህ ዘንጉ ላይ፣ ከመያዣው ከፍ ብሎ የተጻፈው ቁጥር የሚሸከመውን ክር ይነግርሃል። የክሩ የመጀመሪያ 30 ጫማ ሲመዘን 5 ቁጥር 9.1 ግራም፣ 6 ቁጥር 10.4 ግራም፣ 8 ቁጥር 13.6 ግራም ያህል ነው። 8 ቁጥር ዘንግ ላይ 5 ቁጥር ክር ብታስገባ ዘንጉ በቅጡ አይታጠፍም፣ ክሩም እግርህ ሥር ይከመራል። የዘንጉና የክሩ ቁጥር ይግጠም!

5 ቁጥር በባሌ፣ ዌብና ደንካ ወንዞች ላይ ላለው ትራውት ለሚባለው ዓሣ ይበቃል። ጀማ ላይ ግን ነፋስ ሲነሳ ከባድ መንጠቆ አያሻግርልህም፤ ባርበስም ወራጁን ተገን አድርጎ ሲሮጥ ለመመለስ ያደክምሃል። አሳብህ አምባዛ ብቻ ከሆነ 8 ቁጥር።

ከመሐል ሜዳ፦ ዋጋውስ ስንት ነው?

መልስ፦ እሱን ሻጩን ጠይቅ። እኔ የምልህ፣ ገንዘብህን ስትከፍል የክሩን አስቀድም። ውድ ዘንግ በርካሽ ክር አይወረውርም።

ከአንኮበር፦ ለምን እንገዛለን? ቀርከሃ አለን አይደል?

ከሸዋ ሮቢት፦ የኛ ቀርከሃ ለመንጠቆና ለትል ነው እንጂ ለፍላይ አይሆንም።

ከአንኮበር፦ በውጭ አገር ከቀርከሃ የሚሠሩት በሺህ ዶላር ይሸጣል። የኛ ምን ጎደለው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። እነዚያ ዘንጎች የሚሠሩት ከደቡብ ቻይና በሚመጣ ግድግዳው ወፍራም በሆነ ቀርከሃ ነው። ይሰነጠቃል፣ ጥቅጥቅ ያለው የውጭ ጭረቱ ብቻ ይቀራል፣ ሦስት ማዕዘን ተደርጎ ይላጋል፣ ከዚያ ስድስቱ በሙጫ ይጣበቃሉ። ዋጋው የዚህ ሥራ ዋጋ ነው። የደጋው ቀርከሃችን ውስጡ ባዶ ነው፤ እንዳለ ቆርጠህ ብትወረውርበት ክሩን አይሸከምም። ለትል ግን ይሁን፣ አልከለክልም።

ከደብረ ሲና፦ ያገለገለ ዘንግ ተገኝቷል። ምኑን ልይ?

መልስ፦ መጋጠሚያውን። ሰው ቀለሙንና የመያዣውን ቡሽ ያያል፤ ብዙ ዘንግ ግን መጋጠሚያው ላይ ይሰበራል። ቁራጮቹን ስትሰካ ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ሩብ ዙር አዙረህ ጀምር፣ እየገፋህ ቀጥ አድርጋቸው። ሲጠብቅ በላይኛውና በታችኛው ቁራጭ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ሊታይህ ይገባል። ያ ክፍተት ለወደፊቱ መበላት የተተወ ነው። ጨርሶ ከተዘጋና አሁንም ከተነቃነቀ አልቆለታል፣ ተወው። ስትወዘውዘው ቀጭ ቀጭ ካለ ደግሞ ሴቷ (የምትቀበለው ጫፍ) ተሰንጥቃለች። ጤነኛ ከሆነ ወንዱን (የሚገባውን ጫፍ) በሻማ ስስ አድርገህ ቀባው፤ ዘይት አታስነካው። እየወረወርክ ሳለም በየመሃሉ ነካ አድርገህ አጥብቀው፣ ይላላልና።

ቀጥሎ ቀለበቶቹን ጥጥ አሳልፍባቸው። ጥጡ ከያዘ ስንጥቅ አለ፤ ክርህን ይበላብሃል። አካሉ ላይ የነጣ ጭረት ካየህም አትግዛ። ብረት የተጫነበት መንጠቆ የመታው ካርቦን ያን ዕለት ባይሰበር እንኳ ከሳምንት በኋላ ዓሣ ሲይዝ ሊፈነዳ ይችላል። ጫፉን በእጅህ ይዘህ ደግሞ አታጉብጠው! ሱቅ ውስጥ የሚሰበረው እንዲያ ነው። ክር አስገብተህ ሞክር።

ከደብረ ብርሃን፦ እሺ ጋሼ፣ ግን በአጠቃላይ ጥሩው የትኛው ነው?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብበው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ባልደረባዬ ባርበሱን ዳር አድርሶ ሊያወጣው ሲል ጫፉ ተሰበረ። ዘንጉ ደካማ ነበር?

መልስ፦ አይደለም፣ አያያዙ ነው። ዓሣው እግርህ ሥር ሲደርስ ዘንጉን ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ከሳብከው ጭነቱ ሁሉ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ይወድቃል። ዘንጉን 45 ዲግሪ ያህል አጋድመህ በታችኛው ወፍራም ክፍል ታገለው። መረብ ከሌለህ ክሩን ልቀቅና ዓሣውን በእጅህ ያዝ።

ከአንኮበር፦ ፋይበርግላስ አይሻልም? አይሰበርም ይላሉ።

መልስ፦ ከካርቦን የበለጠ ዱላ ይችላል፤ ግን ይከብዳል፣ ነፋስ ላይም ይዘገያል። ለጠባብ ጅረት ጥሩ ነው።

ከዓለም ከተማ፦ በክረምትስ ጀማ ይሆናል?

መልስ፦ ደፍርሶ ይሞላል፤ ተወው። ነጎድጓድ ከሰማህ ደግሞ ካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና አጋድመህ አስቀምጠው፣ ከውሃውም ውጣ። የዘንጉና የክሩ ቁጥር ይግጠም ያልኩትንም እንዳትረሳ።