ጥያቄና መልስ፦ ልጄ ጠበል ሲገባ ኪኒኑን መተው ነበረበት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ወለተ ሥላሴ ነኝ፣ ከጎንደር። የ19 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። 12ኛ ክፍል እያለ እንቅልፍ አጣ። ብቻውን ያወራል፣ ጎረቤቶች ሊገድሉኝ ነው ይላል። ሐኪም ቤት ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው ብለው ኪኒን ሰጡት፤ ተሻለው። ቀጥሎ ጠበል ወሰድሁት። እዚያ ያገኘኋቸው ሰዎች “ኪኒን እየዋጡ ጠበል እምነት ማጣት ነው” አሉኝ። አስተውሁት። ወር ሳይሞላ ባሰበት። ዘመድ ደግሞ በሰንሰለት እሰሪው ይለኛል። የእኔ ኃጢአት ይሆን? መቁረብስ ይችላል? አንዳንዴ ፈጣሪን አማርረዋለሁ፤ ይህስ ይቆጠርብኝ ይሆን?

መልስ፦ ወለተ ሥላሴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ከሚያስቸኩለው ልጀምር። ነገ ጠዋት ልጁን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። ሰንብቶ የተቋረጠ መድኃኒት በስንት መጠን እንደሚጀመር የሚወስነው እሱ ነው፤ ቤት ውስጥ በግምት አይጀመርም። ኪኒኑን ማቋረጡንም ሳይፈሩ ይንገሩ። ይቆጡኛል ብለው የሚደብቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። ሐኪሙ ታዲያ በምን ያውቃል? መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይቀይረዋል፤ ልጁም ዳር እስከ ዳር ይጉላላል።

ወደ ጠበሉ ስንመጣ፣ እኔም በጠበል ኃይል የማምን ሰው ነኝ። ነገር ግን “ወይ ጠበል ወይ ኪኒን” የሚለውን ሕግ ቤተ ክርስቲያን አላወጣችም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ያንብቡ። የታመመ ሰው ይጸልይ፣ ከኃጢአቱ ይመለስ፣ መሥዋዕቱን ያቅርብ ይላል። በዚህ አያበቃም። ለሐኪሙም ቦታ ስጠው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብሎ ይቀጥላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣው ጌታ ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም የሚለውም እዚያው ነው። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግ። በ1999 ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች ጠበል ገባን ብለው መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ የጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ አይጋጩም ብለው በይፋ አስተምረዋል። የልጅዎ ነገር ከዚያ በምን ይለያል? ያኛው ሕመም በደም ምርመራ ስለሚታይ፣ ይኼኛው ስለማይታይ ብቻ ነው ሰው የሚከራከርዎ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ጠበሉን በባዶ ሆዱ ይጠጣ፣ ይጠመቅ፤ ሲጨርስ እህል ቀምሶ ኪኒኑን ይዋጥ። ለሚያጠምቁት አባት ኪኒን እንደሚወስድ አስቀድመው ይንገሩ። ጣሉት ካሏችሁ ወይም ልጁን ከደበደቡት ያንን ቦታ ትታችሁ ውጡ። ጎንደር የ44ቱ ታቦት አገር ናት፤ የሚሰማ አባት አያጡም። ሌሊቱን በጸሎት ላቁመው ብለው እንቅልፍ አያሳጡት። እንቅልፍ ማጣት ይህን ሕመም ይቀሰቅሰዋል። ለከተራም ፋሲለደስ መዋኛ ካላደርን አትበሉ። ግፊያውና ጩኸቱ ለእንደሱ ያለ ልጅ ይከብዳል። ጾሙን ፍትሐ ነገሥት ራሱ ለሕመምተኛ ያቀልለታል። ጫትና ሐሺሽ ካለ ግን እሱ ላይ አይለሳለሱ፤ ሕመሙን ያባብሰዋል።

“መንፈስ ነው እንጂ በሽታ አይደለም” የሚሉዎትም ይኖራሉ። ርኩስ መንፈስ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን ማቴዎስ ወንጌል 4፥24 ላይ ጌታ የፈወሳቸው ሲቆጠሩ፣ አጋንንት ያደረባቸው ለብቻ፣ ሌሎች ሕመምተኞችም ለብቻ ተጠርተዋል። ወንጌሉ የለየውን እኛ ለምን እናምታታለን? ጠንቋይና ክታብ ጸሐፊ ዘንድማ ጭራሽ እንዳይሄዱ።

ሰንሰለቱን እምቢ ይበሉ። ማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ያለውን ሰው ያስታውሱ። በእግር ብረትና በሰንሰለት ያሰሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ጌታ ሲደርስለት ልብሱን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀመጠ። የታሰረ ልጅ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ፍርሃቱ ይብሳል፤ “ሊገድሉኝ ነው” የሚለውንም እውነት አደረጋችሁለት ማለት ነው።

ስለ ኃጢአትዎ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ ሲሉ፣ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መልሷል። ዮሐንስ 9 ነው። ንስሐ ሁላችንም ያስፈልገናል፣ እኔንም ጨምሮ። የልጁን ሕመም ግን የእርስዎ ቅጣት አድርገው አይቁጠሩት። ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅዎ ዕድሜ ነው፤ ደግ እናት ያሳደገችውንም አይምርም።

ቁርባኑን በተመለከተ፣ ሕመሙ አይከለክለውም። ሲረጋጋ፣ የሚቀበለው ምን እንደሆነ ሲያውቅ፣ የንስሐ አባቱ ፈቅደውለት ይቀበላል። 18 ሰዓት ስለሚጾም የኪኒኑን ሰዓት ለዚያ ቀን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። አይቻልም ካለ ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ እሳቸው መላ አያጡም። በገዛ እጅዎ ግን አንድም ኪኒን አያስዘልሉት።

ማማረርዎን እግዚአብሔር አይጠላውም። ዳዊት ሲደግሙ 87ኛው መዝሙር ላይ ይደርሱ የለ? ከዳር እስከ ዳር ምሬት ነው፤ የሚያበቃውም በጨለማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ከጸሎቷ አላወጣችውም። በሽተኛ ልጁን ይዞ የመጣው አባትም “አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው” ብሎ ነው ያለቀሰው። ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ ልጁ ተፈወሰለት።

ሐኪም ዘንድ ብቻዎን አይሂዱ። “እሰሪው” የሚልዎትን ዘመድ ይዘውት ይሂዱ፤ ከሐኪሙ አፍ ይስማ። ኪኒን መዋጥ እየሰለቸው ካስቸገረዎ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ እንዳለ ይጠይቁ። ልሙት ካለ፣ ወይም የሚሰማው ድምፅ ራስህን ወይ ሰው ጉዳ የሚለው ከሆነ ግን ቀጠሮም ንጋትም አይጠብቁ። በዚያው ሌሊት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ጠበሉ ሌላ ቀን ይደርሳል።